ብሉም ገና አልመጣም ነበር

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ወዳጆች ልከውልኛል። ስለ አየርላንዳዊው ደራሲ ጄምስ ጆይስ ልቦለድ፣ ስለ «ዩሊሲስ» ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን ሞከሩት፣ ተናደዱበት፣ ዘጉት። ከዚያ ማንም ጊዜውን እንዳያባክንበት የሚመክር ረጅም ጽሑፍ ጻፉ። አጻጻፋቸው ደስ ይላል። ንዴታቸውም የእውነት ነው። ያን ንዴት በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። በሦስተኛው ዘለቅሁት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የምመለስበት መጽሐፍ ሆነ። ለዚህ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ጆይስ ነገር ያወሳሰበው የሚለው ነገር ስለሌለው ነው ይላሉ። ለዚህም እሱው ተናገረው የሚባለውን ይጠቅሳሉ፦ ፕሮፌሰሮች ለዘመናት ሲከራከሩ እንዲኖሩ ብዙ እንቆቅልሽ ከትቼበታለሁ ማለቱን። ሁለተኛ፣ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርን፣ ሼክስፒርን፣ የካቶሊክን ቅዳሴና የአየርላንድን ታሪክ ያላጠና ሰው በሩ ላይ ይቀራል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ታላቅ ደራሲ በተራ ቃል ይጽፋል፤ ምስክራቸው አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ ነው። አራተኛ፣ ጨረስኩት የሚለው አብዛኛው ሰው ይዋሻል፣ ወደድኩት የሚለውም ለታይታ ነው። አምስተኛ፣ ታሪኩን ማወቅ የፈለገ ማጠቃለያ አንብቦ ይገላገል ይላሉ።

መጽሐፉን ላላየ አንባቢ ሁለት ሦስት መስመር ልጨምር። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። «ዩሊሲስ» የታተመው ፓሪስ ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922፣ ጆይስ 40 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። ያሳተመችው ሲልቪያ ቢች የምትባል የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ነበረች። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ታሪኩ አንድ ቀን ነው፤ ጁን 16 ቀን 1904፣ ደብሊን። 18 ክፍሎች አሉት፤ ርዕሱም አካሄዱም ከሆሜር «ኦዲሲ» የተወሰደ ነው። ዋናው ሰው ሊዮፖልድ ብሉም ይባላል። 38 ዓመቱ ነው፤ ለጋዜጣ ማስታወቂያ እያፈላለገ ይኖራል። ሌላው ስቲቨን ዴዳለስ የተባለ ወጣት መምህር ነው። ሦስተኛዋ የብሉም ሚስት ሞሊ ናት፤ ዘፋኝ ናት።

የሚለው ነገር የለውም ከሚለው ልጀምር። ይህን ለማለት ጆይስ በግልጽ መጻፍ የማይችል ሰው መሆን አለበት። ግን ይችላል። ከ«ዩሊሲስ» ስምንት ዓመት በፊት፣ በ1914፣ «ደብሊነርስ» የሚል የአጭር ልቦለድ መድበል አሳትሟል። 15 ታሪኮች ናቸው። ማንም አንብቦ ይረዳቸዋል። የመጨረሻው ታሪክ ላይ አንድ ባል፣ ሚስቱ በልጅነቷ የወደደችው ልጅ እንደሞተባትና እስካሁን እንዳልረሳችው በአንድ ምሽት ያውቃል። ቋንቋው እንደ ውሃ ይፈስሳል። እንዲህ መጻፍ የሚችል ሰው ሌላ መንገድ ከመረጠ፣ ለምን መረጠ ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው። አቅም አጣ ማለት አያስኬድም።

የፕሮፌሰሮቹን ነገር ግን እቀበላለሁ። ጆይስ እንቆቅልሽ ይወዳል። አንዳንዱ እንቆቅልሽ ለራሱ ደስታ ብቻ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ብፈታውም ባልፈታውም ምንም አይጨምርልኝም። እነዚያን ቦታዎች ዘልዬ አልፋቸዋለሁ። መጽሐፉ ከእነሱ ጋር አይቆምም፣ ከእነሱ ጋርም አይወድቅም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ አከርካሪ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ሌላ መጽሐፍ ያላነበበ በሩ ላይ ይቀራል ተብሏል። አራተኛው ክፍል ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ብሉም ጠዋት ከደጅ ገብቶ ወለሉ ላይ ሁለት ደብዳቤና አንድ ካርድ ያገኛል። አንደኛው ደብዳቤ ለሚስቱ ነው። የእጅ ጽሑፉ ደፈር ያለ ነው። አድራሻው «ሚስስ ሜሪየን ብሉም» ይላል። በዚያ ዘመን ላገባች ሴት ሲጻፍ በባሏ ስም ነበር፤ ሚስስ ሊዮፖልድ ብሉም መባል ነበረባት። ይህን ልማድ አላውቅም ነበር። ግን ፈጥኖ ሲመታ የነበረው ልቡ ወዲያው ዝግ እንደሚል መጽሐፉ ይነግረኛል። አንድ ነገር እንደነካው ገባኝ። ደብዳቤውን ወስዶ አልጋዋ ላይ ይሰጣታል። የመስኮቱን መጋረጃ ቀስ እያለ እየሳበ በዓይኑ ጠርዝ ያያታል። ደብዳቤውን ገረፍ አድርጋ አይታ ትራሷ ስር ትከተዋለች። ቆይቶ ቁርሷን ይዞ ሲመለስ የተቀደደ ፖስታ ከትራሱ ስር ብቅ ብሏል። ከማን ነው ይላታል። ከቦይላን፣ የኮንሰርቱን ፕሮግራም ሊያመጣልኝ ነው ትለዋለች። በቃ። ስለ ቦይላን ሌላ ቃል የለም።

ይህን ለመረዳት ሆሜር ምን ያደርጋል? ቀኑን ሙሉ ብሉም የሚሸሸው ነገር እዚያ ትራስ ስር አለ። የሞሊን ኮንሰርት የሚያዘጋጀው ቦይላን ከሰዓት በኋላ ከእሷ ጋር ሊተኛ እቤቱ እንደሚመጣ ብሉም ያውቃል። ሐሳቡ ወደዚያ ሲያዘነብል ያቋርጠዋል፤ ወሬ ይለውጣል፣ የሱቅ መስኮት ያያል። ሐሳቡ የተቆራረጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ቅጥ ያጣ አጻጻፍ ያሉት የቆሰለ ሰው ቁስሉን እንዳይነካ ሲጠነቀቅ ነው።

ሌላም ላንሳ። ስድስተኛው ክፍል ላይ አራት ሰዎች በፈረስ ጋሪ ወደ ቀብር ይሄዳሉ። ፓወር የተባለው፣ ከሁሉ የከፋው ራሱን የሚያጠፋ ሰው ነው ይላል። ከኒንግሃም የሚባለው ሳል ሳል ይልና ነገሩን ለማለዘብ ይሞክራል፤ በአዘኔታ ማየት አለብን ይላል። ሌላው ደግሞ እንዲህ የሚያደርግ ፈሪ ነው ይባላል ብሎ ይጨምራል። ብሉም ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ይዘጋል። ቀጥሎ በሐሳቡ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስና የአንድ ሆቴል ክፍል ብልጭ ብለው ያልፋሉ። ማብራሪያ የለም። መጀመሪያ ሳነበው ምንም አልገባኝም፤ አበሳጨኝ። ገጾች አልፈው መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ከኒንግሃም ፓወርን ዞር አድርጎ ያንሾካሹክለታል፦ ብሉም ፊት ስለዚህ ስታወራ ጭንቅ ይዞኝ ነበር፣ አባቱ እኮ መርዝ ጠጥቶ ነው የሞተው ይለዋል።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ። ፊቴ ጋለ። እኔም እንደ ፓወር ሳላውቅ ተቀምጬ ነበር። ደራሲው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ጋሪው ውስጥ ሆኜ ለብሉም ባዘንኩለት ነበር፤ ሁሉንም የማውቅ ደግ ተመልካች እሆን ነበር። አልነገረኝም። ስለዚህ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ስንት ነገር ተሸክሞ እንደሚሄድ አለማወቅ ምን እንደሚመስል በራሴ ላይ አየሁት። ያ አለመግባት ስህተት አልነበረም። ክፍሉ ራሱ ያ ነው።

በጣም የምወደው ግን የፈረሱ ነገር ነው። አምስተኛው ክፍል ላይ ባንተም ላየንስ የሚባል ሰው መንገድ ላይ ብሉምን ያገኘውና ጋዜጣውን ይጠይቀዋል፤ የፈረስ እሽቅድድም ሊያይበት ነው። ብሉም እንዲለቀው ብሎ፣ ውሰደው፣ ልጥለው ነበር ይለዋል። ሰውየው ደንገጥ ብሎ፣ ምን አልክ ይላል፤ ጋዜጣውን መልሶለት እየተጣደፈ ይሄዳል። አንባቢ እንደዋዛ ያልፈዋል። እኔም አለፍኩት። ለካ በዚያን ቀን ከሚሮጡት ፈረሶች አንዱ ስሙ «ትሮውአዌይ» ነው፤ የሚጣል ነገር እንደማለት። ላየንስ ብሉም የፈረስ ጥቆማ የሰጠው መስሎታል። ፈረሱ ልብ ወለድ አይደለም፤ በዕለቱ እንግሊዝ ውስጥ፣ አስኮት ላይ የተካሄደውን የጎልድ ካፕ እሽቅድድም በ20 ለ1 ግምት በእውነት አሸንፏል። አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ መጠጥ ቤት ያሉ ሰዎች ብሉም በዚያ ፈረስ ብር በልቶ ደብቆናል ብለው ያምናሉ። ለአንድ ዙር እንኳን አይጋብዝም፣ ገንዘቡን ሊሰበስብ ሄዶ ነው ብለው ያሙታል። እሱ ግን የወጣው ሰው ለመፈለግ ነው፤ ጠዋት ለተቀበረው ሰው ሚስት የኢንሹራንስ ጉዳይ ሊሯሯጥላት። ሐሜቱ አይሁዳዊነቱን እስከማንሳት ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ከኋላው የብስኩት ቆርቆሮ ይወረወርበታል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተነሳው። ልጥለው ነበር ከሚል። መካከላቸው ከመቶ ገጽ በላይ አለ። የትኛውን ሌላ መጽሐፍ ባነብ ነው ይህ የሚገባኝ? የትኛውንም። «ዩሊሲስ» ከሁሉም በላይ የሚጠቅሰው ራሱን ነው። ለማንበብ ቀድሞ መነበብ ያለበት መጽሐፍ ካለ እሱው «ዩሊሲስ» ነው።

ጆይስ ራሱ ያደረገውን ደግሞ እንይ። ክፍሎቹን እየጻፈ ሳለ በሆሜር «ኦዲሲ» ስሞች ይጠራቸው ነበር። የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በ1920 ለጣሊያናዊው ሃያሲና ተርጓሚ ለካርሎ ሊናቲ ልኮለታል። መጽሐፉ ሲታተም ግን እነዚያን ስሞች አላስገባቸውም። ክፍሎቹ ርዕስ የላቸውም። ሆሜርን ያላወቀ አንባቢ እንዳይገባ የፈለገ ደራሲ ምልክቶቹን እያጎላ ይተዋቸው ነበር እንጂ አያነሳቸውም። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ልናገር፦ ብዙዎች ብሉም ሰሙ ነው፣ ሆሜር ወርቁ ነው ብለው ይጀምራሉ። ለእኔ ተገላቢጦሹ ነው። ሆሜር ሰሙ ነው። ሰሙ ቀልጦ ቢፈስም የሰውየው ቀን እዚያው አለ።

እዚህ ላይ የምሰጣቸው ሐቅ አለ። ሦስተኛው ክፍል በእውነት ከባድ ነው። ስቲቨን ብቻውን ባሕር ዳር እየተራመደ ያስባል፤ ጭንቅላቱ በመጽሐፍ የተሞላ ወጣት ነው፣ ሐሳቡም እንደዚያው ነው። አሥራ አራተኛው ክፍል የእንግሊዝኛን ስድ ንባብ ከጥንት እስከ ዘመኑ እየቀያየረ ይኮርጃል። ዛሬም ጥርሴን ነክሼ ነው የማነበው። የጥንቱን እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እዚያ ላይ ብዙ ያጣል። እኔም አጥቻለሁ። ሁለተኛ ሳነበው ማብራሪያ መጽሐፍ አጠገቤ ነበር፤ ጠቅሞኛል። መጀመሪያ ሳነበው ግን አልነበረም፤ የወደድኩትም ያኔ ነው።

ሄሚንግዌይን ስለጠሩት ሄሚንግዌይን ልጥራ። በ1922 ለደራሲው ለሼርዉድ አንደርሰን በጻፈው ደብዳቤ የጆይስን መጽሐፍ እጅግ ድንቅ ነው ብሎታል። ያ አጭር ዓረፍተ ነገር የሚወድ ሰው ከጆይስ ጋር ጠብ አልነበረውም።

ከዚያ በላይ ግን «በተራ ቃል ይጻፍ» የሚለው ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የጠየቀችው ሞሊ ናት። ያው የደብዳቤው ትዕይንት ላይ፣ ከምታነበው ልቦለድ አንድ ቃል አልገባትም። በፀጉር ማስያዣዋ ገጹን እየነካች ትፈልገውና ታሳየዋለች። የነፍስ ከአካል ወደ አካል መሸጋገር ማለት የሆነ የግሪክ ቃል ነው። ብሉም ከግሪክ የመጣ ነው ብሎ በከባድ ቃል ያብራራላታል። እሷ ኤጭ ትላለች፤ በተራ ቃል ንገረን ትለዋለች። እሱ እንደገና ይሞክራል። በዚህ መሐል ታች ምድጃው ላይ የጣደው ኩላሊት እያረረ ነው፤ ሽታው ይመጣል፣ ይሮጣል።

ጆይስ ሞሊ ላይ አላሾፈባትም። እንዲያውም የመጨረሻውን ክፍል ለእሷ ሰጣት። ስምንት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። ቃላቱ ግን የሚታወቁ፣ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። ሳይቆም የሚፈስ ወሬ ነው። ድምፅ አውጥቶ ያነበበው ሰው የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት ራሱ ያገኘዋል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል «አዎ» ነው። ጸሐፊው የሚሉት ግልጽነት እዚያ አለ፤ ሁሉ ካለፈ በኋላ በአንዲት ሴት አፍ ተቀምጧል።

ጨረስኩ የሚል ይዋሻል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ለታይታ የሚያነብ ሰው አለ። ይህ ስለዚያ ሰው የሚናገር ነው፣ ስለ መጽሐፉ ግን ምንም አይነግረንም። ያነበቡት ደግሞ ሁሉም አላመሰገኑትም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1922 ማስታወሻዋ ላይ በጣም ነቅፋዋለች። ሦስት ዓመት ቆይታ ያወጣችው «ሚስስ ዳሎዌይ» ግን የአንድ የጁን ቀን ታሪክ ነው፤ በሰዎች ሐሳብ ውስጥ እየገባ እየወጣ የሚሄድ። መጽሐፉን ሳይወዱም ከእሱ ጋር መነጋገር ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ «ዩሊሲስ» ብልግና ነው ተብሎ ታግዶ በነበረበት ጊዜ ጉዳዩ ዳኛ ጆን ዉልሲ ዘንድ ቀረበ። ሰውየው የሕግ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ሙሉውን አነበቡት፤ ክስ የቀረበባቸውን ቦታዎች ደግሞ ደጋገሟቸው። በ1933 በሰጡት ውሳኔ ለማንበብም ለመረዳትም ቀላል እንዳልሆነ ጻፉ። አንዴ ድንቅ፣ አንዴ አሰልቺ፣ አንዴ ግልጽ፣ አንዴ ጨለማ ነው አሉት። እገዳውንም አነሱ። ይህ ለታይታ ያነበበ ሰው ንግግር አይደለም። አሰልቺ ነው ያሉበት ቦታም ትክክል ናቸው።

ማጠቃለያው ይቀረናል። እሺ፣ እኔ ልሞክረው። አንድ ማስታወቂያ ለቃሚ ጠዋት ከቤቱ ይወጣል። ቀብር ይሄዳል፣ ምሳ ይበላል፣ ይዞራል። ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ትተኛለች። ማታ አንድ የሰከረ ወጣት ከችግር አውጥቶ እቤቱ ወስዶ ካካዋ ያጠጣዋል። ወጣቱ ይሄዳል፣ እሱ ይተኛል። አለቀ። ይህን ያነበበ ሰው ምን አገኘ?

ማጠቃለያ የማይዘውን ላሳይ። ብሉም ሩዲ የሚባል ወንድ ልጅ ነበረው፤ በተወለደ በ11 ቀኑ ሞተ። ሞሊ ለሕፃኑ ከበግ ፀጉር ልብስ ሠርታለት በሱ ተቀበረ። ይህ የሚነገረው አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ፣ ያ ከባድ በምለው ክፍል፣ በጥንታዊ ዘይቤ ተሸፍኖ ነው። አሥራ አምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ብሉም መንገድ ላይ የወደቀውን ስቲቨንን እየጠበቀ ቆሟል። ሌሊት ነው። ድንገት ሩዲ ይታየዋል። በሕይወት ቢኖር ይደርስበት የነበረው የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ እያነበበ። ከኪሱ አንድ ትንሽ ነጭ ጠቦት ብቅ ብሏል። ብሉም ስሙን ይጠራዋል፤ ድምፁ አይሰማም። ልጁ የብሉምን ዓይን ትክ ብሎ ያያል፣ ግን አያየውም። ንባቡን ይቀጥላል።

ጠቦቱ ለምን ኪሱ ውስጥ እንደመጣ ማንም አይነግርህም። ልብሱን ያስታወሰ ሰው ያውቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን ቦታ ሳነብ ገጹን አቆምኩ፣ ወደ ኋላ ከመቶ ሃምሳ ገጽ በላይ ሄጄ የበግ ፀጉሩን ፈለግሁት። ሳገኘው አለቀስኩ። አሥራ አራተኛውን ክፍል ዘልዬው ቢሆን ኖሮ ጠቦቱ ለእኔ ጠቦት ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለጸሐፊው። መጽሐፉን የዘጉት ስቲቨን ባሕር ዳር እየተራመደ ሳለ እንደሆነ ጽፈዋል። ሦስተኛው ክፍል ነው። እኔም ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ነው ያቆምኩት፤ እንደ እትሙ ሃምሳኛው ገጽ አካባቢ ነው። ብሉም ገና አልመጣም ነበር። ሞሊም፣ ደብዳቤውም፣ ጋሪውም አልመጡም። ስለ መጽሐፉ የጻፉት ሁሉ መጽሐፉ የሚወደውን ሰው ሳያገኙ የተጻፈ ነው።

ፈቃደኛ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ይተዉአቸው፤ በኋላ ይመለሱባቸዋል። ከአራተኛው ይጀምሩ። ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ጠዋት ነው። አንድ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ለሚስቱ ቁርስ እያሰናዳ ነው። ድመቷ በጠረጴዛው እግር ዙሪያ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ትዞራለች፣ ትጮኻለች። ጆይስ ጩኸቷን ተራ ሚያው ብሎ አልጻፈውም፤ በራሷ ፊደል ነው የጻፈላት፣ ደግማ ስትጮኽ ደግሞ ፊደሉን ትንሽ ይለውጠዋል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ያናግራታል። ወተት ይቀዳላታል።